የአባቴ ቤት በትከሻ የሄደ ዕለት

ቅዳሜ ንጋት፣ ሲቀላ መናኸሪያ

ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ደርሻለሁ። ሙዝ የተሸከሙ ሴቶች፣ ባጃጆች፣ «ጨንቻ! ጨንቻ!» የሚል ረዳት። ሁሉም ሸኚ አለው፤ እኔ ብቻዬን፣ መንገድ ላይ ዶርዜ ልወርድ፣ ጋቢና ገባሁ። አጎቴ ከዶርዜ ደውሎ «የአባትህ ቤት ቅዳሜ ከቦታው ይነሳል፣ ድረስ» ብሎኛል። እኔ የምሄደው ግን እንዳይነሳ ልለምነው ነው። ሟች አባቴ የተወለደበት ጎጆ ነው፤ ከአባቴ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

ዳገቱ ላይ

ከታች ሐይቆቹ፣ ከላይ ጉም። ሾፌሩ ሥራዬን ጠየቀኝ።

«የአረብ አገሮችን አጠናለሁ። ከቅኝ ግዛት ከወጡ በኋላ ራሳቸውን ማን እንደሚሉ።»

«አረብ አገር! እህቴም ቤሩት ናት። ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?»

«አባቴ ዶርዜ ነው።»

ደስ ብሎት በአባቴ ቋንቋ፣ በጋሞኛ፣ ያወራኝ ጀመር። አንድም አልገባኝም። እንደማልሰማ ሲያውቅ ሬዲዮውን ከፈተ።

አልጀርስና ካይሮ ስንቱን ሰው «ማን ነህ?» እያልኩ ስጨቀጭቅ ኖሬ፣ የአባቴን ቋንቋ እንኳ አልተማርኩም። አፈርኩ።

ዶርዜ፣ ረፋድ

አጎቴ ስሞኝ ሲያበቃ ትኩስ ቆጮ በሚያቃጥል የበርበሬ ዳጣ አቀረበልኝ። ጎጆው እንሰቱ መሃል ቆሟል፤ የቀርከሃው ግድግዳ ከሥሩ በምስጥ ተበልቶ አጥሯል። ጎረቤቶች ለመሸከሚያ ወፍራም እንጨት እያስገቡበት ነው። አጎቴ በቅርቡ ላገባው ለጎረቤቱ ልጅ ሰጥቶታል።

«ጋሼ፣ እባክዎን ይቅር። አሳድሰዋለሁ።»

«ልጄ፣ እሳት ካልነደደበት፣ ጢስ ካልያዘው፣ ምስጥ ይጨርሰዋል። መጥተህ ታነድበታለህ?»

አዎ ማለት እችል ነበር። አዲስ አበባን፣ ሥራዬን፣ መጻሕፍቴን አሰብኩና የቆጮውን ሳህን መሬት አስቀመጥኩ።

«እንግዲያው ና፣ ተሸከም» አለኝ፤ ቁጣ የለበትም።

ከወንዶቹ መሃል ገባሁ። አንዱ ያዜማል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ እኔ ቃሉን ስለማላውቅ እግራቸውን እያየሁ ረገጥኩ። ቤቱ እንዳለ ተነሳ። ትከሻዬ ተላጠ። አጥሩን አልፈን ሙሽሮቹ ግቢ አስቀመጥነው። ዞር ስል ጎጆው የነበረበት ክብ መሬት ባዶውን ቀርቷል። ከሰዎቹ ጋር እየሳቅኩ ደግሜ አየሁት።

ማምሻውን

ብርዱ ወረደ። ሙሽራዪቱ ገብታ እሳት አነደደች። ጢሱ በክዳኑ መሃል ሲወጣ ደጅ ቆሜ አየሁ። ብቅ አለች።

«እንግዳችን፣ ምነው ብርድ ላይ? ወደ ቤታችን ይግቡ እንጂ!»

ጎንበስ ብዬ፣ አባቴ የተወለደበት ቤት እንግዳ ሆኜ ገባሁ።