የውኃ ተርቧን ዓይን ያየሁበት ጠዋት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ ከደብረ ማርቆስ በደጀን መውጫ በኩል ካለ አንድ ጅረት ዳር ነው። የማይረሳኝ ባየሁት ነገር ብቻ አይደለም። ያንን ለማየት ሃያ ስድስት ዓመት ያዘገየኝ ሰው ስላለ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት ፎቶ ቤት ሠርቻለሁ። ፎቶ ቤቱ የባሌ ታላቅ ወንድም ንብረት ነበር። ፊልም የማጥበው እኔ ነኝ። በዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ስንቱን ሙሽራ ከነሚዜው ከውኃ ውስጥ አውጥቻለሁ። ካሜራውን ግን አያስነካኝም ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ እሱ ታሞ ደንበኛ ሲጠብቅ፣ ደፍሬ አነሳሁ። ፎቶው ትንሽ ደብዝዞ ወጣ። በማግስቱ ደንበኛው ፊት፣ “እጇ ይንቀጠቀጣል፤ የሴት እጅ ለሊጥ እንጂ ለካሜራ አይሆንም” አለ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ፎቶ ቤቱ ተዘጋ፤ ባሌም አረፈ። ልጄ ስልክ ገዛችልኝና እንደ ልብስ መቆንጠጫ ስልኩን ነክሶ የሚይዝ ትንሽ ማጉያ ሌንስ ጨመረችበት። “እማዬ፣ አበባ አንሺበት” አለችኝ። አበባ አይሸሽም። እኔ የፈለግሁት የሚሸሽ ነገር ነበር። ስለዚህ የውኃ ተርብን መረጥኩ፤ ያቺን ቀጭን ረዥም ገላ ያላትን፣ ባለ አራት ክንፏን፣ ውኃ ላይ እየበረረች ድንገት አየር ላይ ቀጥ ብላ የምትቆመውን።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በባጃጅ ተመላለስኩ። ያተረፍኩት የሣር ፎቶ ነው። ጥላዬ ሲያርፍባት ትበራለች። ነጠላዬ ሲወዛወዝ ትበራለች። ቆሜ ከላይ ሳነሳት ጀርባዋ ብቻ ይወጣል።

ቀስ በቀስ ተማርኩ። ነጠላዬን አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርኩት። ጥላዬ ከእሷ ራቅ ብሎ እንዲወድቅ ፀሐይን በጎኔ አደረግሁ። ስልኩን ከገላዋ ጋር ትይዩ አድርጌ ከጎኗ ስይዘው ከራሷ እስከ ጅራቷ እኩል ትጠራለች። ዓይን ከደበዘዘ፣ ሌላው ሁሉ ቢጠራም ፎቶው የሞተ መሆኑን ግን ማንም አላስተማረኝም። ይህንን ከሙሽሮቹ ነው ያወቅሁት።

ከሁሉ የሚበልጠው ሰዓቱ ነው። አንድ ቀን በማለዳ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በዚያ በኩል አለፍኩና ሣር ላይ ተሰቅላ አገኘኋት። ቀረብኩ፤ አልሸሸችም። በጥቅምት ብርድ ጤዛው ክንፏን ስለሚያከብደው ፀሐይ እስክታሞቃት ድረስ መብረር አትችልም። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የደረሰ ሰው እስኪበቃው ያያታል።

ከዚያ በኋላ በተከታታይ በማለዳ ሄድኩ። በአራተኛው ጠዋት ተንበርክኬ፣ ግንባሬ ሣሩን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት፣ ትንፋሼን ይዤ ነበር። እሷ ጤዛ ለብሳ ፊት ለፊቴ አለች። እጄ ግን ተንቀጠቀጠ። እርጅና ነው። ዓይኗ ይጠራል፣ መልሶ ይደበዝዛል። የባሌ ወንድም ያለኝ ቃል ጆሮዬ ላይ መጣ። ፀሐይ ደግሞ ከማዶው ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ከእልህ ብዛት እንባዬ መጣ።

“ለማን ነው የሚሰግዱት፣ እትዬ?” የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸው አያ ታደገ እንደሆነና ሜዳው የእሳቸው መሆኑን ኋላ ነው የነገሩኝ።

“ለማንም አልሰግድም” አልኳቸው።

“ሦስት ጠዋት ሙሉ አየንዎ። ባለቤቴ፣ ‘ሴትዮዋ ውኃው ላይ እየደገመችበት ነው፤ ላሞቻችን የሚጠጡት ከዚያ ነው’ ብላ ነው የላከችኝ።”

“ፎቶ ነው የማነሳው።”

“የማንን?”

በጣቴ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ተመለከቷት። “የዚህችን? ምነው፣ ሠርግ አለባት?”

ሳልወድ ፈገግ አልኩ። “እጄ እምቢ አለኝ” አልኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም፤ ጉዳዬን ለሰው የምናገር ሴት አይደለሁም።

አያ ታደገ ዱላቸውን ሰያፍ አድርገው ረግረጉ ላይ ተከሉት። “በሉ ይደገፉበት” አሉ።

“በዱላ ተደግፌ?”

“እኔ ቅዳሴውን የምቆመው እግሬ ስለጸና መሰለዎ? በመቋሚያ ነው። መደገፍ ነውር ከሆነ ከእኛ ደብር ማን ይቆማል?”

እጄን ዱላው ላይ አሳረፍኩ። መንቀጥቀጡ ቆመ። ዓይኗ ጠራ፤ እንደጠራም ቆየ።

አንድ ዓይን አልነበረም። እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ፣ ቁጥር የሌላቸው ጥቃቅን ቤቶች ናቸው፤ ከላይ ቡናማ፣ ወደ ታች ሲወርዱ የጠጅ ቀለም ያላቸው። በዓይኗ ሥር አንዲት የጤዛ ጠብታ ተንጠልጥላለች። በጠብታዋ ውስጥ ሜዳው በሙሉ ተገልብጦ አለ፤ ጅረቱ፣ ባሕር ዛፉ፣ ሰማዩ። ጥግ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ አየሁ። የአያ ታደገ ጋቢ ነው። የፎቶ ማንሻውን ምልክት ደጋግሜ ከነካሁት በኋላ እንኳ ጣቴን ከስልኩ ማንሳት አቃተኝ።

ስልኩን ሰጠኋቸው። አማተቡ።

“ስልሳ ዓመት ከዚህ ውኃ ጠጣሁ” አሉ። “ይቺ በዚህ ሁሉ ዓይን ስታየኝ ኖራለች ማለት ነው።”

ፀሐይ ደረሰችባት። ክንፎቿ ተንዘፈዘፉ፤ ጤዛው ረገፈ፤ ሄደች።

“ለባለቤትዎ ምን ይሏታል?” አልኳቸው።

“ላሞቹ ይጠጡ እላታለሁ” ብለው ዱላቸውን ነቀሉ።

ፎቶውን በትልቁ አሳተምኩና ለፋሲካ ጥየቃ ስሄድ ለባሌ ወንድም ይዤለት ሄድኩ። መነጽሩን አድርጎ አየው፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አየው።

“ማን አነሳው?”

“እኔ።”

እጄን አየት አደረገ። ካመነታ በኋላ፣ “በምን ያዝሻት?” አለኝ። ሌንሱን አሳየሁት። “በስንት ሰዓት?” ሲለኝ ሻዬን ጨርሼ ተነሳሁ።

አሁን ያንኑ ሌንስ አስገዝቶ በእኩለ ቀን ጅረቱ ዳር እንደሚታይ ሰምቻለሁ። ሣር እያነሳ ነው።

ፎቶው የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው። ያቺን ጠብታ ባየኋት ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ያን ጊዜ ቂሜ እንኳ ከልቤ ይጠፋል። ለንስሐ አባቴ ጉዳዩን ስነግራቸው፣ “ሰዓቱን ንገሪው” ብለውኛል።

እያሰብኩበት ነው።