አሥራ ሁለት ስግደት

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ለመከራከር ነበር። የምንኖረው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነበር። ተረት የሚነግሩን የግቢያችን አዛውንት አባባ ደምሴ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፍርድ ቤት በር ላይ ቆመው የባለጉዳይ ስም ሲጠሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። የነሐሴ ዝናብ መብራቱን ሲያጠፋው፣ ከእራት በፊት፣ በረንዳቸው ላይ የከሰል ማንደጃ ያወጡልንና ኩራዟን መስኮቱ ጋ አስቀምጠው ይጀምራሉ። ያኔ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ እያደረጉ፣ አንዳንዴም ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ የሚነግሩን ታሪክ ሁሉ መጨረሻው አንድ ነበር፤ ኃጢአተኛው ምሕረት ያገኛል።

ይህ ነገር አይዋጥልኝም ነበር። በተለይ አንዱን ታሪክ አልረሳውም። በሐሰት ምሎ የአንዲት መበለት መሬት የነጠቀ ሰው ሞቶ ሰማይ ቤት ችሎት ፊት ይቀርባል። ስሙ ይጠራል፤ እዚህ ላይ አባባ ደምሴ ብድግ ብለው በድሮ የሥራ ድምፃቸው ስለሚጣሩ ግቢው በሙሉ ይስቃል። ክሱ ይነበባል። ሰውየው መከላከያ የለውም፤ «አጥፍቻለሁ» ብሎ ያለቅሳል። ያን ጊዜ ዳኛው ክርስቶስ ከወንበሩ ይወርድና ከተከሳሹ ጎን ይቆማል፤ የተቸነከሩ እጆቹን አሳይቶም «ቅጣቱን እኔ ተቀብዬለታለሁ» ይላል።

«መበለቲቱስ?» አልኳቸው።

«እሷማ ቀድማው ገብታለች። በሩን ይዛ እየጠበቀችው ነው።»

«እሱን? እንዴት ተደርጎ!»

«አንቺ ልጅ፣ መቼም ዐቃቤ ሕግ ሳትሆኚ አትቀሪም» አሉና ሳቁብኝ።

ያን ክረምት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በፍልሰታ ጾም የግቢው ልጆች ሁሉ እንቆርባለን። ቅዳሴው የሚያልቀው ከቀትር በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ውኃ እንኳ አፋችን አይገባም። እህል ቀምሶ የቆረበ ልጅ ሆዱ ውስጥ እሳት እንደሚነድበት ማን እንደነገረን አላውቅም፤ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አንድ ቀን ጓደኛዬ ሰብለ ከሱቅ ስትመለስ ስኳር ስትልስ አየኋት። ቤተ ክርስቲያን ተሰልፈን ተራችን ሲደርስ ለእናቷ ነገርኩ። ውሸት አልነበረም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቷ እጇን ይዘው ከሰልፉ አወጧት። ልጆቹ ሁሉ እያዩዋት የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ አለቀሰች። እኔ ቆረብኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ እናቴ ለምሳ ቀቅላ ያስቀመጠችውን ድንች አገኘሁ። አንዱን ጨው ነክቼ በላሁት። ረስቼ አይደለም፤ ርቦኝ ነው። ሰልፉ ላይ ሰብለ ከፊቴ ቆማ ነበር። ብወጣ ለምን እንደወጣሁ መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ያውም ለእሷ። አልወጣሁም። ቆርቤ፣ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ስመለስ እሳቱ እስኪነሣ እጠብቅ ነበር።

የዚያን ዕለት ምሽት መብራት ጠፋ። ልጆቹ የመሬት ነጣቂው ታሪክ ይደገም አሉ። አባባ ደምሴ ተነሥተው ስሙን ሲጠሩ ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ግን የተጠራሁት እኔ መሰለኝ። ሌሎቹ ለእራት ሲበተኑ ቀረሁና ድንቹንም፣ የሰብለንም ነገር አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ፍሙን በእንጨቱ ቆሰቆሱት።

«ጨውስ ነበረው?» አሉኝ።

«አዎ» ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ለእናቴ ነግረው ወደ ንስሐ አባታችን ወሰዱኝ። ካህኑ ሰሙኝ። ከሰብለ ጋር እንድታረቅና አሥራ ሁለት ጊዜ እንድሰግድ አዘዙኝ፤ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለውም በመስቀላቸው ባረኩኝ። በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር፣ እርጥብ ሣር ላይ ጀመርኩ። ሁለተኛው ላይ ከጎኔ ጉልበት ሲንቋቋ ሰማሁ። አባባ ደምሴ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እየሰገዱ ነበር። የቀኝ ጉልበታቸው ከታመመ ዓመታት አልፈዋል፤ ከቧንቧው እንኳ ውኃ የምንቀዳላቸው እኛ ነበርን።

«አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ምን አጠፉ?»

«ያንቺ ለሁለታችንም ይበቃል። ይልቅ ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። ሰባተኛው ላይ መነሣት አቅቷቸው ትከሻዬን ያዙ። ላቆም ስል ተቆጡኝ። አሥራ ሁለቱንም ጨረሱ።

ሰብለን ያገኘኋት ቧንቧው ጋ ጀሪካን ስትሞላ ነው። ሁሉንም ነገርኳት።

«ድንች?» አለች። «ሙሉ ድንች? እኔ እኮ በአንድ ጣት ስኳር ነው ጉድ የሆንኩት!»

ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች፤ ሁለት ቀንም አላናገረችኝም። ለማንም ግን አልተናገረችም። መናገር ትችል ነበር፤ እውነቱ በእጇ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰልፉ ላይ አርፍጄ ስደርስ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ፣ ፊቴን ሳታይ፣ «ግቢ እንጂ» አለችኝ።

ግቢያችን ፈርሷል፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። አባባ ደምሴም ካረፉ ቆይተዋል። ዐቃቤ ሕግ አልሆንኩም፤ ጋዜጠኛ ሆኜ ረጅም ዓመት የፍርድ ቤት ዜና ሠርቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዳኛ ከወንበሩ ወርዶ ከተከሳሽ ጎን ሲቆም አላየሁም። ስለ ሰማዩ ችሎት ደግሞ አባባ ደምሴ ከነገሩኝ በቀር ሌላ ምንጭ የለኝም፤ ስለዚህ ስጠየቅ ያየሁትን ብቻ እናገራለሁ። አንድ ሽማግሌ እሳቸው ባልበሉት ድንች፣ በታመመ ጉልበታቸው፣ እርጥብ ሣር ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ ሰግደዋል። ቆጥሬያለሁ።