ውሃ የገባባት የሪሞት ጀልባችን

ልጅ እያለሁ እንደ ወንድሜ እንደ አዲሱ ያናደደኝ ሰው የለም። በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ትዕግሥት ላይ ግን ታናሼ ነበር። እኔ አሥራ አንድ፣ እሱ አሥራ አራት ዓመት ሆኖን አክስታችን ከቤሩት መጣችና ለሁለታችን አንዲት ቀይ የሪሞት ጀልባ ሰጠችን። እንጅባራ ውስጥ በሪሞት የምትነዳ መኪና ያለው ልጅ ነበር፤ ጀልባ ግን ማንም አልነበረውም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በቀርቀሃው አጥራችን ቀዳዳ እያጮለቀ ሲያየን ዋለ።

የመጀመሪያውን ቀን በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ስትሽከረከር ዋለች። በማግስቱ ከቤታችን በታች ያለው ወንዝ ላይ ለቀቅናትና ዳር ካለ አለት ጋር ተጋጭታ ተገለበጠች። አዲሱ አወጣት፤ ውሃ እንደገባበት ጫማ አራገፋትና ማብሪያዋን ተጫነ። ዝም አለች። ደግሞ ተጫነ። «ትድረቅ እንጂ!» እላለሁ፤ «ነቅታ እንደሆነ ልይ» እያለ ይጫናል። እልሁ የበረደው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸተን ነው።

ቅዳሜ አባታችን ለገበያ ዳንግላ ሲሄድ ሁለታችንንም ይዞን ሄደ። ከመናኸሪያው በጋሪ ተጭነን ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ታደለ ዘንድ ደረስን። ጠባቧ ሱቃቸው በመበየጃ ካውያና በቀለጠ ሊድ ሽታ ታፍናለች፤ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። የጀልባዋን ክዳን ፈትተው ውስጧን ሲያዩ ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ውሃ ሲገባባት መጀመሪያ ምን አደረጋችሁ?»

«አበራናት» አለ አዲሱ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «አብሩ ያላችሁ ማነው?»

ወንድሜ ምንም ሳያፍር በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። እንባዬ መጣ። ጋሽ ታደለ ግን ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ አዩና «ነይ፣ አንቺ ያዥ። እሱ የሚሰማ አይመስለኝም» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ቦርዷን በጥርስ ብሩሽና በአልኮል አጠቡ፤ የተቃጠለውን ሽቦ ቀይረው በየዱ። እየሠሩም አስተማሩኝ። ውሃ ከገባ መጀመሪያ የባትሪ ድንጋዮቹ ይወጣሉ፤ ከዚያ ክዳኗ ይከፈታል፤ አምስት ቀን እስክትደርቅ ማብሪያዋ አይነካም። እሳት ዳር አትቀመጥም። ውሃ እንዳይገባ ደግሞ ቦርዱ በጥፍር ቀለም ይቀባና ፊኛ ውስጥ ይገባል፤ ሽቦዎቹ በፊኛው አፍ ወጥተው በክር ጥብቅ ተደርገው ይታሰራሉ። የማሽከርከሪያዋ ዘንግ የሚያልፍበት ቀዳዳ ግራሶ ይሞላል፤ ክዳኗ ሥር የጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ ይነጠፋል። ሁሉንም ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ማታ ቤት ስንገባ አክስቴን ኩቴክስ ለመንኳት። እየሳቀች ሰጠችኝ። አንድ ዙር እቀባለሁ፣ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፣ ደግሞ እቀባለሁ። አዲሱ ከላዬ ቆሞ «አለቀ? አሁንስ አለቀ?» ይለኛል። ፊኛውን በእናቴ የስፌት ክር አሥር ጊዜ ጠምጥሜ ቋጠርኩት። እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ እስከ ዛሬም ያለኝ አይመስለኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘንገና ሐይቅ ወረድን። ጀልባዋ ውሃውን እየሰነጠቀች ወደ መሐል ነጎደች። ሪሞቱን የያዘው አዲሱ ነው፤ ለእኔ ተራ ሊሰጠኝ ሲል መሐል ላይ ቀጥ አለች።

«ምን ሆነች?» አልኩት።

አቀረቀረ። «ጠዋት ፊኛውን ፈትቼው ነበር። ደርቆ እንደሆነ ልይ ብዬ።»

«በምን አሰርከው ታዲያ?»

«በሣር።»

በሣር! ልጮህ አፌን ስከፍት ሸሚዙን አውልቆ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቷል። መዋኘት የተማረው ውሃው ከወገብ በማያልፍ ወንዝ ነው፤ ዘንገና ደግሞ ከዳሩ ሁለት እርምጃ አልፎ ገደል ነው። ቀበቶውን ይዤ ጎተትኩ። እኔንም ይዞኝ መንሸራተት ጀመረ። ከላይ ሣር ሲያጭዱ የነበሩ ገበሬ፣ አያ ታየ ይባላሉ፣ በአገውኛ ጮሁበት፤ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ሲቀር በአማርኛ እየደገሙ ሮጠው ወረዱና በክንዱ ጎትተው አወጡት።

«ለዚች ፕላስቲክ ነው እናትህን የምታስለቅስ?»

«የእኛ ናት» አላቸው።

«ነፋሱ ማዶ ያደርሳታል። ትንሽ መታገሥ አትችልም?»

አይችልም፣ ልላቸው ፈለግሁ። ጫካውን ዞረን፣ ጉሬዛዎቹ ከላይ ቅርንጫፍ እየሰበሩ፣ አያ ታየ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ማዶ ደረስን። ጀልባዋ ዳር ቄጠማ ውስጥ ተሸጉጣለች። አያ ታየ በዱላቸው ጎተት አድርገው ሲያወጧት አዲሱ ቀድሞኝ አፈፍ አደረጋት፤ አውራ ጣቱም ወዲያው ማብሪያዋ ላይ። እጁን ነከስኩት። ለቀቃት። ድንጋዮቹን አውጥቼ ክዳኗን ስከፍት አንድ ሲኒ የሚሆን ውሃ ፈሰሰ።

ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። ቦርዱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ በገላዬ ሙቀት እንዲደርቅ ከሹራቤ ሥር ይዤው ትምህርት ቤት እሄድ ነበር፤ ሌሊትም ከትራሴ ሥር አይወጣም፤ ቤት ብተወው አዲሱ እንደሚያገኘው አውቃለሁ። በአምስተኛው ቀን ገጣጥሜያት ሪሞቱን ላነሳ ስል አዲሱ ከበሩ ላይ ቆሟል።

«አንቺ አብሪያት» አለኝ። «እኔ ከነካኋት ትበላሻለች።»

አበራኋት። ሳፋው ውስጥ ዞረች። እኔ ስስቅ እሱ አለቀሰ፤ ለምን እንዳለቀሰ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ጀልባዋ ሁለት ክረምት አገለገለችን፤ መጨረሻዋን አላስታውስም።

አሁን አዲሱ ቻግኒ ነው፤ የውሃ ፓምፕ ይተክላል፣ ይጠግናል። ባለፈው ክረምት የግቢዬ ፓምፕ ጎርፍ ገባበትና ጠራሁት። መጣ፤ ፈታታው፤ በሦስተኛው ቀን ካልሆነ አይበራም አለኝ። ቤት ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም፣ ዕቃው ተቆልሏል፣ ልጆቹ አልታጠቡም። አንድ ጊዜ እንሞክረው ብዬ ለመንኩት። ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ረጋ ብሎ፣ ሻዩን ፉት እያለ «አይሆንም» አለኝ። ልክ ነበር፤ ያበገነኝም ልክ መሆኑ ነው። ሸሚዙን አውልቆ ዘንገና የገባው ያ ችኩል ልጅ በዚያች ደቂቃ እንዴት እንደናፈቀኝ! ጀሪካኔን አነሳሁና ከጎረቤት ውሃ ልቀዳ ወጣሁ።