ጉቱ የሚመልስበት ጣውላ

በስድሳ ስድስት ክረምት ነው። አሰላ አውቶቡስ ተራ ነፋሱ ጃንጥላዬን ገልብጦ ሰበረብኝና ያገኘሁት ጋሪ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ባለጋሪው ጢማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ፈረሱን ከማንቀሳቀሳቸው በፊት የጋሪውን ጎን ሁለቴ ኳ ኳ አደረጉና ጠበቁ።

«የቀረ ሰው አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«አለ» አሉና ነዱት።

እኔ ደግሞ ወሬ ካሸተትኩ አልፋታም። ዳገቱን ስንወጣ አወጣጣኋቸው።

ጋሽ ከዲሮ ይባላሉ፤ ቀድሞ ባለጋሪ አልነበሩም። ከጓደኛቸው ከጉቱ ጋር እዚሁ አንድ ጋራዥ ውስጥ ለጭነት መኪና የእንጨት ሳጥን ይሠሩ ነበር። የበቆጂን ገብስ የሚያመላልሰው መኪና ሁሉ የእነሱን ጣውላ ተሸክሟል። ሳጥኑ ሲያልቅ ጉቱ ውስጥ ይገባል፤ እሳቸው ከውጭ ይመታሉ፤ እሱ ከውስጥ ይመልሳል። የላላ ጣውላ በድምፁ ይታወቃል።

ኋላ ከአዲስ አበባ የብረት ሳጥን መጣ። ሥራው ነጠፈ። ባለጋራዡም «አንዳችሁ ብቻ ትቀራላችሁ፤ ተስማሙ» አላቸው።

«ዕጣ እንጣል አለኝ ጉቱ። ሁለት የሣር አገዳ በጡጫው ያዘ፤ አጭር የደረሰው ሊሄድ። እኔ ረጅም አወጣሁ። የራሱን ግን ሳያሳየኝ ጭቃ ውስጥ ረገጠው። ‹አንተ እድለኛ! ከራቢያ ዱላ ተረፍክ› ብሎ በሚስቴ አሾፈብኝና ሄደ። እሱ ወንደላጤ፣ እኔ የልጆች አባት።»

ጉቱ እነሱው ሳጥኑን በሠሩለት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ጢቾ መንገድ ላይ መኪናው ተገለበጠ፤ ጉቱ አልተረፈም። ቤንዚን ሲወደድ ጋራዡም ተዘጋ። ባለቤቱ ለጋሽ ከዲሮ ማሰናበቻ ብሎ የሰጣቸው የዚያኑ መኪና ጣውላና ሁለት ጎማ ነው። እንጀራ ነውና ጋሪ አደረጉት።

«ራቢያ ሰው የሞተበት ጣውላ ነው ብላ አንድ ቀን እንኳ አልተሳፈረችበትም። እኔ ግን ከመንዳቴ በፊት እመታለታለሁ። ጉቱ፣ ሁለቱም ረጅም ነበሩ ወይ? እለዋለሁ። ኤኙ ቤካ፣ ማን ያውቃል!»

ወዲያው ጋሪው ሲንገጫገጭ የተሰበረው ጃንጥላዬ እጀታ ጎኑን ሁለቴ መታው። ጋሽ ከዲሮ ልጓሙን ሳቡ። አልዞሩም። ዝናቡ በማጅራታቸው ሲወርድ አየሁ።

«ጉቱ?» አሉ በቀስታ።

«እኔ ነኝ ጋሽ ከዲሮ። ጃንጥላዬ ነው።»

ቤቴ ደጃፍ ደረስን። ስወርድ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«ምንም አይደል ጌታው» አሉኝ። «ሌላ ጊዜ ሲሳፈሩ ግን ጃንጥላዎን አቅፈው ይያዙልኝ። ሲመልስ እሱ መሆኑን ልወቅ።»