የወይዘሮ ትርፍነሽ ሰባት ቤት

ወይዘሮ ትርፍነሽ ጄኔቭ አጠገብ ባለችው ካሩዥ ውስጥ በአንድ ላውንድሪ ልብስ ሲተኩሱ የኖሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ልጃቸውን ያኔትን ብቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። ዙሪክ ያሉ ሰዎች ስለ እሳቸው በየደረሱበት ያላዩትን ስለሚያወሩ፣ ያየሁትን እጽፋለሁ።

የዙሪኩ ወጣት ናታን ያኔትን ለማግባት በፈለገ ጊዜ አባቱ፣ በዜባህ ሰፈር ባለው ጉባኤያችን ሽማግሌዎች የሆንነውን እኔንና ወንድም ገብርኤልን ላኩን። ያኔትን የወለደቻት ሌላ ሴት ናት የሚል ወሬ ቀደም ብሎ ደርሶኝ ነበር። ወሬ አላምንም፤ ሰውንም ቢሆን ቶሎ አላምንም። ስለዚህ ሳላጣራ ላልቀመጥ ቆርጬ በባቡር ወደ ጄኔቭ ሄድሁ።

ወይዘሮ ትርፍነሽ ተቀመጡ ቢሉንም፣ እንደ ወጉ ጉዳያችን እስኪሰማ ቆምን። ከፊታችን ግድግዳው ላይ የቀበሮ ራስ ያለው ሰው ሥዕል ተሰቅሏል። በአማኝ ቤት ጣዖት ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅሁ። ያኔት ሙዚየም ውስጥ ጎብኚ የምታስተናግድ ናትና የጥንት ግብፃውያንን አማልክት ዝምድና አስረዳችን። ኦሲሪስና ኢሲስ ወንድምና እህት ሆነው ሳለ ተጋብተዋል አለች። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሰዎች ነን ስል መለስሁላት።

«እነሱ ዘንድ ቢልኩን ኖሮ አንድ ቤት እንኳ ሳንቆጥር እንመለስ ነበር» አለ ገብርኤል።

ያኔት ሳቀችና ቀጠለች። እህታቸው ኔፍቲስ ከኦሲሪስ አኑቢስን ወልዳ ጣለችው፤ ኢሲስ ግን ሕፃኑን ፈልጋ አግኝታ አሳደገችው። ባለ ቀበሮ ራሱ እሱ ነው።

ያን ጊዜ ወደ ጉዳዬ ገባሁ። የልጅቱን ዘር በአባቷ በኩል ማጣራቴን ገልጬ፣ በእናቷ በኩል እንድቆጥር የወላጅ እናቷ ስም ይነገረኝ አልሁ።

ወይዘሮ ትርፍነሽ አይናቸውን አልሰበሩም።

«ፀደንያ ናት፤ ታናሽ እህቴ። የያኔት አባት ባሌ ነው። ሕፃኗን ጥላት ሄደች፤ አሳደግኋት። ልጄም ታውቃለች። ያን ሥዕል የሰቀልሁት እኔ ነኝ፤ ላመልከው አይደለም፣ እንደ እርስዎ ያለ ጠያቂ ሲመጣ አንገቴን እንዳልደፋ ነው።»

እንግዲያው ፀደንያ ተጠርታ በእናት ቦታ ትቀመጥ አልሁ።

«አትጠራም። ወንድም ጥላዬ፣ ይልቅ ይቁጠሩ። የእኔ አባት የእሷም አባት ነው፤ የእኔ እናት የእሷም እናት ናት። ከእኔ ቢጀምሩ የሚጎድልብዎ ቤት የቱ ነው?»

ጣቴን እያጠፍሁ ቆጠርሁ። እሳቸው አያት ቅድመ አያቶቻቸውን ሲጠሩ እኔ ከናታን ወገን ጋር አስተያየሁ። ከሁለቱ እህቶች ከማንኛዋም ብነሣ የምደርሰው እዚያው ሰዎች ዘንድ ነበር። ከናታን ዘር የተነካካ አልተገኘም።

«ከጨረሱ ይቀመጡ» አሉኝ። «በእናትነት የምቀመጠው እኔ ነኝ። ይህ ካልተዋጠልዎ ወደ ዙሪክ የሚመልስ ባቡር ሞልቷል።»

ገብርኤል ተቀመጠ። እኔ ጥቂት ቆሜ ቆየሁ። ከዚያ ተቀመጥሁ፤ ልጅቱንም ለናታን ጠየቅሁ።

አሁን በዙሪክ አንዳንዶች፣ ለሠርጉ ወላጅ እናቷን ከፊት አስቀምጥ ይሉኛል። የቆጠርሁት እኔ ነኝ። በእናት ወንበር የሚቀመጡት ወይዘሮ ትርፍነሽ ናቸው። የሚቃወም ቢኖር ካሩዥ ድረስ ሄዶ ፊታቸው ይቁም። ሥዕሉን ግን ዛሬም አልወደውም።