ለብርቄ ያነበብኩላት ገጽ

ይህን ነገር ሙሉውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም፤ ፊታቸው ተንበርክኬ ጥቃቅኑን ኃጢአት ስዘረዝር ይህችን እየዘለልኩ አልፌአለሁ። ባለቤቴም ሳትሰማው ሞተች። አሁን ግን ልቤ እንደ ድሮው አይመታም፣ ሌሊት ሌሊት ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ሳልናገር እሄድ ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። ስለዚህ እናንተን አናዛዥ አድርጌአችኋለሁ።

በመጀመሪያ ግን ማን እንደሆንኩ እወቁ። እኔ ደሳለኝ ተራ ሰው አይደለሁም። የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ። አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በተሸካሚነት ስገባ ስሜን መጻፍ አልችልም ነበር። የጥጥ እስር ላይ የተጻፈውን ምልክት እያየሁ፣ «ይቺ ምንድን ናት? ያቺስ?» እያልኩ ሂሳብ ሹሙን እያሰለቸሁ፣ በትከሻዬ ከተሸከምኩት ጥጥ ላይ ፊደል ለቀምኩ። በሁለት ዓመት ጋዜጣ አነበብኩ። በሰባት ዓመት መካኒክ ሆንኩ። መሐንዲሱ «አበቃለት» ብሎ የተወውን የሽመና ማሽን ፈትቼ ገጥሜ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ጡረታ ወጥቼ ገላን ኮንዶሚኒየም ከገባሁ በኋላም የብሎኩን ማመልከቻ ሁሉ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። እዚህ ሰፈር መጽሐፍ የጻፈ ሰው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ጥበቃው ጣቱን ወደ ሦስተኛ ፎቅ ይቀስራል።

ይህን የምላችሁ ለመኩራራት ብቻ አይደለም። ፊደልን በትከሻዬ ያገኘሁ ሰው መሆኔን ካላወቃችሁ፣ በፊደል ያደረግሁትን ነገር ክብደት አታውቁትም።

መጽሐፌ ለልጆች የተጻፈ የሚያስፈሩ አጫጭር ታሪኮች ስብስብ ነው። ዘጠኝ ታሪኮች አሉት። ያኔ፣ የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ የብሎካችን ልጆች ስልክ ላይ ተደፍተው ሲውሉ አየሁና፣ እኔ በልጅነቴ ጉልበቴን አቅፌ የሰማሁትን ዓይነት ፍርሃት ልስጣቸው አልኩ። ፍርሃት ልጅን ቁጭ ያደርጋል፤ ቁጭ ያለ ልጅ ደግሞ ያነባል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ።

ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደረጃው ላይ፣ በተደረደሩት የውሃ ጄሪካኖች ላይ ተቀምጠው አነብላቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ታሪኮች ስጨርስ ሶልያና የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ምላሷ ምላጭ የሆነች፣ ጥርሷን እያፋጨች፦

«አባባ፣ ይሄማ ቀሽም ነው» አለችኝ።

«ምኑ ነው ቀሽም?»

«መንፈሱ በር ያንኳኳል። እሺ፣ አይከፈትለትማ! አለቀ።»

ልጆቹ ጄሪካን እየደበደቡ ሳቁ። እኔ፣ ማሽን ያስነሳሁት ሰው፣ በልጆች ተሳቀብኝ። አያችሁ፣ በደሉ የጀመረው እዚህ ጋ ነው። በክፋት አልጀመረም፤ ልጆች ስለሳቁብኝ ጀመረ። እንደዚህ ትንሽ ነገር።

ብርቄ ምድር ቤት ተከራይታ የምትኖር ሴት ነበረች። ያኔ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቅቅል ድንች በዳጣ ለልጆች ትሸጣለች። በግራ ጆሮዋ ብቻ አንዲት የብር ጉትቻ ታደርጋለች፤ ሦስት ፍሬ የተንጠለጠለባት። ፊደል አታውቅም። የምትፈርመውን ወረቀት ሁሉ ወደ እኔ ታመጣ ነበር፤ እኔ አነብላታለሁ፣ እሷ አውራ ጣቷን ታሳርፋለች። እንደዚያ ታምነኝ ነበር።

ከሶልያና ሳቅ በኋላ በር ላይ አገኘኋትና፣ በልጅነትሽ ምን ያስፈራሽ ነበር ብዬ ጠየቅኳት። ጅብ ትለኛለች ብዬ ነበር።

«ጅብ?» አለችና ሳቀች። «ጅብማ ጮኾ ይሄዳል ጋሼ። ሰው እንጂ።»

ድንቿን እየላጠች ነገረችኝ። እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበረች። አገሬው ድስቷን ይገዛል፣ ማዕዷን አይቀርብም፤ ቡዳ ናት፣ ሲመሽ ጅብ ትሆናለች ይላል። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ታመመ። ወንዶች መጥተው እናቷን እየጎተቱ ወሰዷትና «ትፊበት፣ የበላሽውን ልቀቂ» አሏት። ተፋችበት። ልጁ ዳነ።

«ዳነ እኮ» አልኳት።

«ባይድን ገደለችው ይሏታል። ሲድን ደግሞ ይኸው እሷ ነበረች አሉ። የቱን ትሁን ጋሼ?» ከዚያ ወዲህ ድስት የሚገዛ ጠፋ፤ እናቷ ስትሞት ከልጇ በቀር ቀባሪ አልተገኘም። አንዱ ጉትቻ ከእናቷ ጋር ተቀብሯል፤ አንዱ ይኸው ጆሮዋ ላይ ነው።

እንድጽፈው ፈቀደችልኝ። «ግን እናቴ ሰው እንደነበረች ይጻፉልኝ። ሌላውን እንደፈለጉ» አለችኝ። በማርያም ብዬ ማልኩ።

ደግሞም ጻፍኩት፤ እንደነገረችኝ። ለልጆቹ አነበብኩላቸው። ከዚያ ሶልያና፦

«እና ጅብ አልሆነችም?»

«አልሆነችም።»

«ታዲያ ለምን አነበቡልን?»

ቤቴ ገብቼ የመጨረሻውን ገጽ ቀየርኩት። ማንም አላስገደደኝም። እኔ ቀየርኩት። በአዲሱ ገጽ ላይ አዳኝ ጅብ ያቆስላል፤ ሲነጋ የደሙን ፋና ተከትለው ሸክላ ሠሪዋ በር ላይ ይደርሳሉ፤ ጅቧ ወድቃለች፣ በጆሮዋ ላይ ሦስት ፍሬ ያላት የብር ጉትቻ አለች። ይህ አልበቃኝም። «አንዲት ልጇ ግን አመለጠች። ሁለተኛውን ጉትቻ በግራ ጆሮዋ አድርጋ ዛሬም በከተማ ትኖራለች። ልጆች ከእጇ ይበላሉ» ብዬ ጨመርኩ። ሳነብላቸው ልጆቹ ጮኹ፤ አንዱ ከጄሪካኑ ወደቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት የለም። መጽሐፉ ሲታተምም መግቢያው ላይ «የመጨረሻው ታሪክ በእውነት የሆነ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አላወቅኩም ነበር ልበል? አውቅ ነበር። ጉትቻዋን በየቀኑ አያት አልነበረም እንዴ?

ሳምንት ሳይሞላ ልጆቹ አንገታቸው ላይ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት አስረው ትምህርት ቤት መሄድ ጀመሩ። በብርቄ ፊት ሲያልፉ ምሳ ዕቃቸውን ከሹራባቸው ሥር ይደብቁታል። ድንቿ በሳህኑ ላይ እየቀዘቀዘ ይመለሳል። እኔስ ምን ተሰማኝ? እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ኮራሁ። የማን መጽሐፍ ነው ልጅን ነጭ ሽንኩርት ያሳሰረ?

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ግቢው ውስጥ ጩኸት ሰማሁና ወረድኩ። አንዲት እናት ትኩሳት የያዘውን ልጇን ታቅፋ ብርቄ በር ላይ ቆማለች። ጎረቤት ሁሉ ከቧታል።

«ትፊበትና ተገላገይ!» ትላለች እናትየዋ። «ትናንት ድንች በልቶ ነው፣ ከአንቺ እጅ ነው የበላው!»

«እህቴ፣ ሐኪም ቤት ውሰጂው» ትላለች ብርቄ።

«እህቴ አትበዪኝ!»

አንዱ ጎረቤት አየኝና፦ «ይኸው ጋሽ ደሳለኝ! እርስዎ እውነተኛ ታሪክ ነው ብለው ጽፈዋል። እሷ ናት ወይስ አይደለችም?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ብርቄም ዞረች፤ ፊቷ ላይ እፎይታ ነበር፤ ጋሼ መጡልኝ የሚል ዓይነት። አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። ውሸት ነው፣ እኔ ፈጥሬው ነው ማለት። ይህን ካልኩ ግን መጽሐፌ ምን ይሆናል? እኔስ ምን እሆናለሁ? ጉሮሮዬን ጠረግኩና፦

«እኔ ጸሐፊ ነኝ። የማንንም ስም አልጠራሁም» አልኩ።

ብርቄ ዓይኗን ከእኔ ነቀለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ልጁ ግንባር ላይ ተፋች። እናቷ እንዳደረገችው። ሰኞ ዕለት ልጁ ኳስ ሲጫወት አየሁት፤ ጉንፋን ነበር። ሰፈሩ ግን የሚፈልገውን አገኘ።

እስከዚህ ድረስ ያደረግሁትን ምናልባት ሌላም ደካማ ሰው ያደርገው ይሆናል። ቀጥሎ ያለውን ግን እኔ ብቻ ነኝ ያደረግሁት።

በዚያ ቅዳሜ ማግስት ብርቄ ቤቴ መጣች። መጽሐፉን ይዛለች።

«ጋሼ፣ እናትሽ ጅብ ናት ተብሎ ተጽፏል ይሉኛል። እኔ ማንንም አላምን። እርስዎ ያንብቡልኝ፤ የመጨረሻዋን ገጽ።»

መነጽሬን አደረግሁ። ገጹን ገለጥኩ። እንደተጻፈው ላነብላት ነበር፤ አፌንም ከፍቼ ነበር። ከዚያ ዓይኔ ጅብ የሚለው ቃል ላይ እንዳረፈ፣ አፌ ሌላ አነበበ። የጣልኩትን፣ የመጀመሪያውን ገጽ በቃሌ አነበብኩላት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ጣቴን እንኳ በመስመሩ ላይ እየነዳሁ፣ «ሸክላ ሠሪዋ ሰው ነበረች፤ እንደ ሰው ኖረች፣ እንደ ሰው ሞተች» አልኩ፤ ጣቴ ያረፈበት ቦታ ግን «ጅቧ ወደቀች» ይል ነበር።

ብርቄ አለቀሰች። «እንግዲያስ ሰዎቹ ናቸው የዋሹት» አለችና ትከሻዬን ሳመች። አመሰገነችኝ። ይገባችኋል? አመሰገነችኝ!

ከዚያ መጽሐፉን ይዛ ውሃ ታንከሩ ጋ ወዳሉት ሴቶች ሄደች። በረንዳዬ ላይ ሆኜ አያታለሁ። «ጋሼ አንብበውልኛል፤ እናቴ ሰው ናት ይላል» ስትል ሰማሁ። ሴቶቹ ሳቁ። ሶልያና ከእናቷ ጎን ነበረች፤ መጽሐፉን ሰጧትና ጮክ ብላ አነበበች፤ ጥሩ አንባቢ ነበረች፣ አንድ ቃል አልሳተችም። ብርቄ እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ሦስተኛ ፎቅ አየች። እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ። መጋረጃውን ሳብኩ። በሳምንቱ ቤቱን ለቅቃ ሄደች፤ ስትሄድ በሬን አላንኳኳችም።

ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይዘላል። ሚኒባስ ውስጥ ጉትቻ ያደረገች ሴት ከፊቴ ከተቀመጠች ሳልደርስ እወርዳለሁ። ልጆች «አባባ፣ የጅቧን ታሪክ ያንብቡልን» ሲሉኝ ዓይኔ ደክሟል እላለሁ።

በቅርቡ አንድ ጎረቤቴ፣ ያቺ ድንች ሻጭ ቃሊቲ ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ለጠያቂዎች ምግብ ስትሸጥ አየኋት አለ። ለማን ብዬ ነው እንግዲህ ይህን የምጽፈው? ብጽፍ እናንተ ታነባላችሁ፤ እሷ አታነብም። ሄጄ ባነብላትስ፣ እኔ ያነበብኩትን በምን ታምናለች? ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ከመንገድ ተመለስኩ። በሦስተኛው ደረስኩ።

ለጠያቂዎች ከሚሸጡት ሱቆች መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ወዲያው አወቀችኝ።

«ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ምን ሊያነቡልኝ መጡ?»

መጽሐፉን አወጣሁና የመጨረሻውን ገጽ እንደታተመው አነበብኩ። ጅቧን፣ ጉትቻውን፣ «ልጆች ከእጇ ይበላሉ» የሚለውንም። ጣቴም አፌም አንድ መስመር ላይ ነበሩ። መሀል ላይ አንዲት ጠያቂ መጥታ ድንች ገዛች፤ ብርቄ ጠቅልላ ሰጠቻት፣ «ይቀጥሉ» አለችኝ። ስጨርስ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችና አጠገቧ ሳሙናና ሶፍት ለምትሸጠው ሙና ሰጠቻት።

«ሙና፣ እስኪ ይህን አንብቢልኝ። ሰውየው እንዳነበበው መሆኑን ልይ።»

ሙና አነበበች። አንድ ዓይነት ነበር።

«እሺ» አለች ብርቄ። ወደ ድንቿ ዞረች።

ይህ ነው። አዘንኩ፣ አረጀሁ፣ ልጆች ገፋፉኝ ብዬ አላመካኝም። ይቅርታውም የእናንተ ስላልሆነ ከእናንተ አልጠይቅም። እስካሁን ማድረግ የቻልኩትን ብቻ ልንገራችሁ። ያንን ታሪክ ከሚቀጥለው እትም አውጥቻለሁ፤ በቦታው ይህ ገብቷል። መግቢያው ላይ የጻፍኩትን «በእውነት የሆነ ነው» የሚለውን ሰርዣለሁ። ያን ቅዳሜ ልጇን ታቅፋ የመጣችውን እናት ቤቷ ድረስ ሄጄ፣ ታሪኩን የፈጠርኩት እኔ መሆኔን ነግሬአታለሁ፤ በሩን ዘጋችብኝ። ለሶልያናም ነግሬአታለሁ፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት። ለነፍስ አባቴ በሚመጣው ጾም እነግራቸዋለሁ ብዬ ቀን ቆርጫለሁ። አንዲት ገጽ፣ አንድ ፊደል ሳልለውጥ፣ ለብርቄ አንብቤላታለሁ። ይቅር በይኝ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሱን አልቻልኩም።