ሃያ ሁለት የተደፉ ኪቦርዶች

በየማለዳው የኮምፒውተር ክፍሉን በር ትከፍትና ቦርሳዋን ከትከሻዋ እንኳ ሳታወርድ ኪቦርዶቹን አንድ በአንድ በአፋቸው ትደፋቸዋለች። ሃያ ሁለት ናቸው። አንዱን ታነሳለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ጀርባውን በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ ታደርገዋለች፣ እንደተገለበጠም ጠረጴዛው ላይ ታሳርፈዋለች። የብስኩት ፍርፋሪ ይረግፋል፤ የላጲስ ብናኝ ይረግፋል፤ ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ተነክሶ የተተፋ ጥፍር ይረግፋል። መጀመሪያ ነገሩ ለጽዳት ነበር። አሁን ግን ደንብ ሆኗል። የተደፋውን ኪቦርድ ማቃናት የሚችለው መፍትሔውን በወረቀት ጽፎ ለእሷ ያሳየ ብቻ ነው።

ለዚህም ነው ኮሌጁ ውስጥ «እትዬ ወረቀት» የምትባለው። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የሠራተኞች አስተዳደር ብቻ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ አሥራ ሰባቱን ያሳለፈችው በዚሁ ክፍል ነው። የሥራ መደቧ «የክፍል ጠባቂ» ይላል። ቁልፍ መያዝ፣ መዝገብ ማስፈረም፣ የላላ ገመድ ማጥበቅ፣ እሷ እንደምትለው ደግሞ «የሞቱ ማውሶችን መቅበር» ነው ሥራዋ። ስለ ማስተማር አንድም ቃል የለበትም።

ከአምስት ዓመት በፊት የፕሮግራም ውድድር ክበቡን ይመራ የነበረው መምህር ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ክፍሉ ያለ ኃላፊ ከሰዓት በኋላ ክፍት እንዳይሆን የሚከለክል ደንብ ስላለ ተማሪዎቹ ተንጋግተው መጡባት።

«እትዬ፣ ዝም ብለው ይቀመጡልን። ምንም አያድርጉ፤ ብቻ ይኑሩ።»

ተቀመጠች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ካልሲ እየጠቀመች ስትሰማቸው ሰነበተች። በሦስተኛው ሳምንት መርፌዋን አስቀመጠች።

የውድድር ጥያቄ እንደ ተረት ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ሰው ወንዝ ይሻገራል፣ ነጋዴ ሳጥን ይደረድራል፣ ጉንዳን ግድግዳ ይወጣል። ተወዳዳሪው ተረቱን ፈልቅቆ ውስጡ ያለውን ስሌት ያወጣና ስሌቱን የሚሠራ ፕሮግራም ይጽፋል፤ ፕሮግራሙን የሚዳኘው ደግሞ ሰው ሳይሆን ሌላ ኮምፒውተር ነው። እነዚህ ልጆች ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ሳይደርሱ ጣታቸው ኪቦርዱ ላይ ነበር። ግማሹን አንብበው ሙሉውን ይጽፋሉ። ዳኛው «ስህተት» ሲላቸው አንድ ቁጥር ነካ አድርገው መልሰው ይልካሉ፤ አሁንም «ስህተት»፤ አሁንም ይነካካሉ። በር ጠፍቶት ግድግዳውን የሚዳብስ ሰው ነው የመሰሏት።

«አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከታች፣ ቁጥሮቹ እስከ ስንት እንደሚደርሱ ተጽፏል። አይታችሁታል?»

ማንም አላየውም።

በዚያ ቀን ጥያቄውን አትማ ይዛ ወደ ቤት ገባች። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የስፌት መኪናውን በጨርቅ ሸፍነው የአዝራር ጣሳቸውን ብቻ አቅፈው ይውላሉ። ልጃቸው ከወረቀቱ ጋር ስትፋጠጥ አዩና አላስችል አላቸው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጥያቄ ነው እማዬ።»

«ማነው የጠየቀሽ?»

«ኮምፒውተር።»

«ሁሉን ያውቃል ሲባል አልነበር እንዴ? ደርሶ አንቺን የሚጠይቅሽ ምን ሆኖ ነው?»

«መልሱን ሳይሆን መንገዱን እንድነግረው ነው የሚፈልገው።»

«መንገድ የጠፋበት ከሆነማ ምስኪን ነው» አሉና ጣሳውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። «በይ እዚህ ላይ ደርድሪና አሳዪው።»

ደረደረች። ትልልቁን አዝራር ከትንንሹ እየለየች፣ እያቀያየረች፣ እየቆጠረች እራት እስኪደርስ ተጫወተችበት። በማግስቱ የጻፈችውን ለልጆቹ ስታሳያቸው አንደኛው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላብጦ «ይህን ማን ሠራልዎት?» አላት። እስከ ዛሬ ያንን ጥያቄ ስታስታውስ ከንፈሯ ዳር ላይ የሆነች ነገር ብቅ ትላለች።

ኮድ መጻፍ የተማረችው ከዚያ በኋላ፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቷ፣ በምሳ ሰዓት፣ ከገዛ ተማሪዎቿ ነው። ሁለት ቁጥር የሚደምር ፕሮግራም አራት ቀን ፈጀባት። በአምስተኛው ቀን ስክሪኑ ላይ አምስትና ሰባት አሥራ ሁለት ሲሆኑ በሩን ዘግታ ብቻዋን አጨበጨበች።

ዓመት ዓመትን እየወለደ ሦስት ልጃገረዶች አፈራች፤ የኮሌጁ ቡድን እነሱ ሆኑ። አንደኛዋ ስትጽፍ ጣቷ ስለማይታይ «ጥይት» ትባላለች። ሁለተኛዋ በሁሉም ነገር ስለምትከራከር «ጠበቃ» ናት። ሦስተኛዋ በቀን አሥር ቃል ከተናገረች ብዙ ስለሆነ «ዝምተኛዋ» ከመባል ሌላ ስም አላስፈለጋትም። በውድድሩ ለሦስት ሰው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ስለሚሰጥ እትዬ ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያሠለጠነቻቸው ለዚያች አንዲት ወንበር ነበር።

«ጥያቄዎቹ በፊደል ተራ ስለተቀመጡ የመጀመሪያው ቀላሉ ይመስላችኋል?» ትላቸው ነበር። «ማን ነገራችሁ? ሦስታችሁ ተከፋፍላችሁ ሁሉንም አንብቡ። ቀላሉን ፈልጋችሁ እሱን ጀምሩ። ካቃታችሁ ደግሞ የውጤት ሰሌዳውን እዩ፤ ሌላው ሰው የትኛውን እየፈታ እንደሆነ ይነግራችኋል።»

«ይሄ መኮረጅ አይሆንም?» አለች ጠበቃ።

«ሰሌዳውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ለጌጥ መሰለሽ?»

ከሁሉ የሚያደክሟት ግን የጥይት ጣቶች ነበሩ። አንድ ቀን ጥይት ትክክለኛ ፕሮግራም ጽፋ ስትልክ ዳኛው አልቀበልም አላት። አራት ጊዜ ላከች፤ አራት ጊዜ መለሰባት። እትዬ ወረቀት መጥታ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ከመልሱ በፊት ምንድን ነው የተጻፈው?»

ጥይት ፊቷ ቀላ። ፕሮግራሙ የት ጋ እንደሚሰናከል ለማወቅ መሃል ላይ «እዚህ ደረስኩ» የሚል መስመር አስገብታ ኖሯል፤ ሳታጠፋው ላከችው።

«ዳኛው 'ስምንት' የሚል መልስ ሲጠብቅ አንቺ 'እዚህ ደረስኩ' ትይዋለሽ» አለች ጠበቃ እየሳቀች። «'እንኳን ደህና መጣሽ' ብሎ ሊቀበልሽ ነው?»

«አንቺ ዝም በይ! መቼም የትም አልደረስሽም።»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አለች እትዬ ወረቀት፤ እሷም ግን ሳቋ እያመለጣት ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ዳኛው ስህተት ካለ ወንበሩ ይለቀቃል። የጻፋችሁትን ታትሙና ራቅ ብላችሁ በጣት እየተከተላችሁ ታነቡታላችሁ። ወንበሩ ላይ ያላችሁ እንደሆነ ዓይናችሁ የሚያየው የጻፋችሁትን ሳይሆን ልትጽፉ ያሰባችሁትን ነው።»

ዝምተኛዋ ይህን ደብተሯ ላይ ስትጽፍ ታየች።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠርቷት ነበር። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ደንብ የሚወድ ሰው ነበር።

«ይኸውልዎት» አላት፤ «የክበብ አሠልጣኝ መምህር መሆን አለበት ይላል መመሪያው። እርስዎ ደግሞ የክፍል ጠባቂ ነዎት። ይህን ዓመት ዓይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ። ቡድኑ ለማጠቃለያው ውድድር ካለፈ በስምዎ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ካላለፈ ግን ክበቡን ለመምህር እሰጣለሁ፤ እርስዎም ወደ ቁልፍዎ ይመለሳሉ።»

«ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ የትም አልሄደም» አለች። ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ግን ቁልፉ እንዳለ ኪሷን ዳበሰች። ለልጆቹ አልነገረቻቸውም። ለእናቷም አልነገረቻቸውም፤ እሳቸው ግን ከአረማመዷ ዐወቁባት።

የማጣሪያው ውድድር ቀን ደረሰ። አዳራሹ በአንድ በኩል ግድግዳው ሙሉ መስታወት ነው። ተወዳዳሪዎች ውስጥ፣ አሠልጣኞች ውጭ። ከውጭ በእጅም ሆነ በአፍ አንዲት ምልክት የተሰጠው ቡድን ወዲያው ይባረራል። ውድድሩ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ አንድ ጥያቄ የፈታ ቡድን ጠረጴዛ ላይ አንድ ፊኛ ይታሰራል። ለማለፍ አራት ፊኛ ያስፈልጋል።

በሦስተኛው ሰዓት ልጆቹ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ፊኛ ነበራቸው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቆመ።

አራተኛው የጀልባው ጥያቄ ነበር። ሰዎች ወንዝ ይሻገራሉ፤ አንድ ጀልባ ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል፤ የሁለቱ ክብደት ከተወሰነው ልክ መብለጥ የለበትም፤ ሁሉን ለማሻገር ቢያንስ ስንት ጀልባ ይበቃል? ለአሠልጣኞቹም ጥያቄዎቹ ታትመው ስለተሰጡ እትዬ ወረቀት መስታወቱ አጠገብ ቆማ አነበበችው። በመስታወቱ ውስጥ ጠበቃ ወረቀት ላይ መስመር አስምራ ሁለት ጣቶቿን ከሁለቱ ጫፎች ወደ መሃል ስታንቀሳቅስ ታየቻት። ገባት፤ ልጆቹ ሰዎቹን በክብደት ደርድረው ከባዱን ከቀላሉ ጋር እያጣመሩ ነው።

ላኩት። «ስህተት» አለ ሰሌዳው። እንደገና ላኩት። «ስህተት»። ለእያንዳንዱ ስህተት በቡድኑ የሰዓት ድምር ላይ የሃያ ደቂቃ ቅጣት ይጨመራል። ውድድሩ ሊያበቃ አርባ ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

ጥይት ተነሳች። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋች፤ ኪቦርዱን አነሳችና በአፉ ደፋችው። ከውጭ የነበሩት አሠልጣኞች እርስ በርስ ተያዩ።

«የእርስዎ ልጆች ናቸው አይደል?» አላት አጠገቧ የቆመ ወጣት መምህር። «ጊዜው እያለቀ ኪቦርዱን ለምን ደፉት?»

ወደ እሱ ዞረች። «ሊያስቡ ነዋ» አለችው፤ በሕይወቷ እንዲህ ኮርታ ተናግራ አታውቅም።

ሦስቱ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። የታተመውን ኮድ መሃላቸው ዘረጉት። ዝምተኛዋ በጣቷ እየተከተለች ከላይ ጀምራ ወረደች። ጠበቃ አንድ ነገር ተናገረች፤ ጥይት ራሷን ነቀነቀች፤ ዝምተኛዋ ግን ቀና አላለችም። ድንገት ጣቷ ቆመ። አንዲት ቃል ተናገረች፤ ሁለቱም በአንዴ ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ።

ችግሩ መንገዱ አልነበረም። ጥያቄው የሚመጣው በአንድ ወንዝ ብቻ ሳይሆን በብዙ ወንዞች ነበር። የጀልባዎቹን ብዛት የሚይዘው ቁጥር ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ሲሻገር ወደ ዜሮ አልተመለሰም። የመጀመሪያው ወንዝ ጀልባዎች በሁለተኛው ላይ እየተደመሩ ነበር። ከጥያቄው ጋር የተሰጠው ምሳሌ ላይ አንድ ወንዝ ብቻ ስለነበር ሳይታወቅ አለፈ። ዝምተኛዋ የተናገረችው ቃል «ዜሮ» የሚል ነበር።

ጥይት ኪቦርዱን አቃናች። አንድ መስመር ብቻ ጻፈች። ከመላኳ በፊት ሁለት ወንዝ ያለው ምሳሌ፣ ደግሞም አንድ ሰው ብቻ ያለው ወንዝ ሠርታ ሞከረችው። ከዚያ ላከች።

ፊኛ የሚያድለው ሰው አረንጓዴ ፊኛ ይዞ ከዳር ተነሳ። ወደ ሌላ ጠረጴዛ የሚሄድ መሰለ። ሰውዬው ጠረጴዛውን አልፎ፣ የወንበር እግር አደናቅፎት፣ ተቃንቶ፣ ሦስቱ ልጆች ጋ ሲደርስ ጠበቃ ክሩን ነጥቃ ራሷ አሰረችው። ሰዓቱ ሊያበቃ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

ከሳምንት በኋላ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እንደ ቃሉ ደብዳቤውን ሰጣት። ሙሉ ስሟ፣ ከሥሩም «የክበቡ አሠልጣኝ» የሚል። ቤት ገብታ ለእናቷ አነበበችላቸው።

«ድገሚው» አሉ።

ደገመችው።

«'አሠልጣኝ' የሚለውን ብቻ።»

«አሠልጣኝ።»

«እሰይ!» አሉ እናት። «ያ ምስኪን ኮምፒውተር መንገዱን አገኘ በይኛ።» ከዚያ ቀጠሉና ጎረቤት እንዲሰማ አድርገው፣ በመስኮቱ በኩል፣ አሁንም ደግመው አስነበቧት።

አሁን ክበቡ አርባ ልጆች አሉት። ጥይት ወደ ጀማሪዎቹ እየመጣች ዳኛው ፊት «እዚህ ደረስኩ» እንዳይሉ ታስጠነቅቃቸዋለች፤ ጠበቃ ትከራከራቸዋለች፤ ዝምተኛዋ ደግሞ ከኋላቸው ቆማ ጣታቸውን እያየች ዝም ትላለች። አዲስ የመጣ ልጅ «ለመጀመር ምን ልወቅ?» ብሎ ሲጠይቅ ሦስቱም የሚጠቁሙት ወደ እትዬ ወረቀት ነው።

እሷ ግን ይህ ሁሉ ሲጻፍላት አንድ ነገር እንዲቀር ለምናለች። «ልጆቹ ያነቡታል፤ ይቺን ተያት» ብላኛለች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

በዚያ ቀን ጠበቃ ሁለት ጣቶቿን ወደ መሃል ስታመጣ እትዬ ወረቀት መንገዳቸው የተሳሳተ መስሏት ነበር። በእሷ ሐሳብ ቀላሉን ሰው ለከባዱ መስጠት ብክነት ነው፤ ከከባዱ ጋር መቀመጥ ያለበት ጀልባው ከሚችላቸው ሁሉ ከባዱ ነው። ሁለቱም መንገድ እኩል ጀልባ እንደሚሰጥ ያረጋገጠችው ከውድድሩ ሦስት ቀን በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ልጆቿ ገደል ሲገቡ የምታይ መስሏት ሁሉን እንዲያፈርሱ ልትነግራቸው፣ ደንቡንም ዘንግታ፣ ልታንኳኳ እጇን አንስታ ነበር። ወጣቱ መምህር ስለ ኪቦርዱ ሲጠይቃት ጡጫዋ መስታወቱን ለመንካት አንዲት ስንዝር ቀርቶት ነበር።